የጣሪያው ወንፊት

በአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ ሃያ ስምንት ዓመት ብረት የበየደችውን ሴት ሁሉም «እትዬ ምላጭ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ሳይሆን በምላሷ ነው። ከአፏ ደግ ቃል የሰማ ሰው ቢኖር እንኳ ለማንም አላወራም። ሹፌሮችን ታንቋሽሻለች፣ መካኒኮችን ትንቃለች፤ ቢሮ ለሚውሉትማ ለብቻው ያስቀመጠችው ንቀት አላት። እጁ ላይ ጠባሳ የሌለበትን ሰው «እንግዳ» ነው የምትለው፤ አሥር ዓመት ደመወዝ የበላበት ቤት ቢሆንም ለእሷ እንግዳ ነው።

በሃይድሮጅን ጋዝ የሚሄዱ ስድስት አዳዲስ አውቶቡሶች ይመጣሉ ተብሎ ድርጅቱ ሽር ጉድ ሲል፣ እሷ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከዳር ታይ ነበር። አውቶቡሶቹ ገና መርከብ ላይ ሳሉ ግድግዳው ሁሉ በፎቷቸው ተሞላ። ጭስ የላቸውም፣ ከኋላቸው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው ተባለ። «ደግ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ከደረቀ ሦስት ወሩ ነው» አለች። ሳቁላት፤ ቧንቧውን ግን የጠገነው የለም።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር። የጋራዡ ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መጥቶ ከውጭ ከመጣው አሠልጣኝ ጋር ፎቶ ተነሣ፤ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ብቅ ብሎ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። መሃል ላይ የት እንደነበር ሲጠየቅ «ስብሰባ» አለ፤ ይህ ሰው ቢሞት እንኳ ስብሰባ ላይ ነው መባሉ አይቀርም። እትዬ ምላጭ ግን ስሟ ከሠልጣኞቹ ስላልነበረ ወንበር ተነፍጓት፣ በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቢነድ እንኳ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። ከአየር በጣም ስለሚቀል ካፈተለከ ሽቅብ ነው የሚሄደው። አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት አዳራሽ ጣሪያ መውጫ ከሌለው እዚያው ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ይህን የተናገረውን አሠልጣኝ አልናቀችውም፤ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

የአዳራሹ ጣሪያ ደግነቱ ከድሮም ከጫፍ እስከ ጫፍ የአየር መውጫ ክፍተት ነበረው። በዚያው ክፍተት ደግሞ እርግቦች ይገባሉ። አዲሶቹ አውቶቡሶች ገብተው በተሰለፉ ማግስት መስታወታቸው በኩስ ተዥጎርጉሮ ተገኘ። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ምረቃው ቅዳሜ።

ኃላፊው አስጠራት። ልጇ ለመሆን ትንሽ የሚቀረው ሰው ነው፤ ጫማውን ዘይት ነክቶት አያውቅም።

«እትዬ፣ ያንን ጣሪያ በቆርቆሮ ድፈኚልኝ። ነገ ማለቅ አለበት።»

«አይደፈንም» አለችው። «ጋዙ በምን ሊወጣ ነው? እርግቦቹን ከሆነ በወንፊት ሽቦ አስቀርልዎታለሁ።»

«ለምረቃ የዶሮ ቤት ልታደርጊልኝ? ቆርቆሮ ነው ያልኩት። ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ፣ ምስክር ወረቀቱ ያለው እኔ ዘንድ፤ አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?»

«እንግዲያው ወረቀቱን ጣሪያው ሥር ይስቀሉት። ጋዙ ሲያነበው ይመለስ ይሆናል።»

ፊቱ ደም መሰለ። ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች መጥፎ ነገር ሲናገሩ ጨዋ ይሆናሉ። «ልጅሽ አዲሶቹን ከሚነዱት መሃል ናት አይደል?» አላት። «ዝርዝሩ ገና አልተፈረመም።»

እትዬ ምላጭ በሩን ከፍታ ወጣች። ያለቻት አንድ ልጅ ናት። ልጅቷ በአሮጌ የናፍጣ አውቶቡስ ላይ ዘጠኝ ዓመት ትኬት ስትቆርጥ ኖራ፣ በእረፍቷ እየተማረች የሕዝብ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ሁለት ጊዜ ለሹፌርነት ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ የሰው ዘመድ ቀደማት። ይሄ ሦስተኛዋ ነው። በዚህ ዓለም ላይ እናቲቱ የማትንቀው ሰው ቢፈለግ የሚገኘው እሷ ብቻ ናት።

ቤት ስትገባ ልጅቷ አዲሱን ሰማያዊ የደንብ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ነገሩን ነገረቻት። ልጅቷ ካውያውን አቁማ አዳመጠች፤ ሥልጠናው ላይ ወንበር አግኝታ የተቀመጠች ስለሆነች ስለ ጣሪያው ማስረዳት አላስፈለገም።

«እማዬ፣ ድፈኚው» አለች። «ዝርዝሩ እስኪፈረም ብቻ። ከዚያ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ።»

«እስከዚያ ካፈተለከስ? ከሥሩ የምትገኚው አንቺ ነሽ።»

«ገና አዲስ ናቸው፣ ምን ያፈተልካል? ዘጠኝ ዓመት ቆሜ ነው የሠራሁት፣ እማዬ። እኔም አንዴ ልቀመጥ።»

«ለመቀመጫ ብለሽ ያን ሁሉ ሰው ልታስፈጂ?» አለች እናት። «ከዚያ ጫማ አሳማሪ ኃላፊ በምን ተሻልሽ?»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው። ለአገር ምድሩ የምታወጣው ድምፅ ነበር፤ ለልጇ አውጥታው አታውቅም። ይቅርታ ማለት ግን አልለመደባትም። ልጅቷም ካውያውን አንሥታ እጅጌውን መተኮሷን ቀጠለች።

ዓርብ ከማለዳ ጀምሮ እትዬ ምላጭ ጣሪያ ላይ ዋለች። እዚያ አጠገብ ብየዳ ስለማይሞከር፣ የብረት ክፈፎቹን ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ በያይዳ፣ ወንፊት ሽቦ ወጥራባቸው፣ አንድ በአንድ አሸክማ አውጥታ በብሎን አሰረቻቸው። ኃላፊው ከሥር ወንበር ያስደረድራል። ከላይ ኮሽታ ሲሰማ ሥራው እየተሠራ ነው ብሎ ደስ አለው፤ ቀና ብሎ ማየት ግን አልፈጠረበትም።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። ሪባን ተቆረጠ። ከሁሉም የሚበልጡት ባለሥልጣን ከአውቶቡሱ ኋላ የሚንጠባጠበውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብለው ሊጠጡ ተነሡ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ፣ አውቶቡሱ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ወድሮ ሩብ ሰዓት ተጠበቀ። አንዲት ጉንጭ ውሃ ለማግኘት ይህን የሚያህል አውቶቡስ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ለእትዬ ምላጭ አልገባትም። ዓይኗን ከብርጭቆው አንሥታ ወደ ላይ አየች፤ ያን ጊዜ ጣሪያው ሥር ያለችው የጋዝ ጠቋሚ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠች።

አንዱ ጋ አፈትልኳል ማለት ነው። ልጇ፣ ዝርዝሩ ባይፈረምም ለምረቃው ተብሎ፣ ሁለተኛው አውቶቡስ መሪ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰማያዊ ለብሳ፣ ፈገግ ብላ። እትዬ ምላጭ መጮህም መሮጥም አቃታት። መብራቷ ቢጫ እንደሆነች አንድ ደቂቃ ያህል ቆየች። ከዚያ ጋዙ መውጫውን አግኝቶ ሄደ መሰለኝ፣ ተመልሳ አረንጓዴ ሆነች። ባለሥልጣኑ ጠጡ። ተጨበጨበ።

መብራቷን ያየ ሌላ ሰው አሠልጣኙ ነው። ወዲያው አውቶቡሱን አስጠፍቶ ወደ ኃላፊው መጣና ጣሪያውን እያሳየ «ይህን ወንፊት ያሰበው ማነው? ግሩም ሥራ ነው» አለው። ኃላፊው ያኔ ገና ቀና አለ። በሽቦው ውስጥ ሰማዩ ይታያል።

«እኔ ነኝ ያሠራሁት» አለ። ለእሱም ተጨበጨበለት።

ሰኞ ዝርዝሩ ተፈርሞ ተለጠፈ። በልጅቷ ቦታ የኃላፊው ሚስት ወንድም ገብቷል። እትዬ ምላጭ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ስለ ቢጫዋ መብራት ነገረችው። «የቷ መብራት?» አላት። አሠልጣኙ እሑድ ዕለት ወደ አገሩ በሯል፤ ምንም አልደረሰምና የሚጠየቅም ሰው የለም። ልጅቷ ግን ማታ ቤት እናቷን የጠየቀቻት አንድ ነገር ነበር፤ «ወንፊት ነው ያደረግሽው?» አለቻት። «አዎ» ስትላት የደንብ ልብሱን አጣጥፋ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ምላጭ ወደ ሥራ የሚወስዳትን አሮጌ አውቶቡስ ስትሳፈር ልጇ ትኬት እየቆረጠች ነበር። ልጅቷ ገና ሳይነጋጋ፣ ደህና ዋይ ሳትል ነው ከቤት የወጣችው። ሰዉን እየገፋች፣ እየቆረጠች፣ እናቷ ፊት ደረሰች።

«ትኬት ወይ መታወቂያ» አለች፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው።

እትዬ ምላጭ የምትናገረው ሞልቷት ነበር። ግን ቦርሳዋን ከፍታ ሠራተኛ በነጻ የሚሳፈርበትን የድርጅቱን መታወቂያ ፈልጋ ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀብላ ስሟን አነበበች፣ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየች፣ መለሰችላትና ወደሚቀጥለው ተሳፋሪ አለፈች።