የተፈታው ቃል

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «ነገ ነይ» ይላታል። ስም ጠፍቶላት አይደለም፤ ለደንበኛ ሁሉ የምትሰጠው መልስ ይኸው ስለሆነ ነው። ቀሚሱ ደረሰ? ነገ ነይ። ሱሪውስ? ነገ ና። እጇ ይባረክ የሚያሰኝ ነው፤ ቀጠሮዋ ግን አይጣል! አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ስትጠብቅ ልታረጅ ነበር እየተባለ ይቀለድባታል፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ሳቋ የጠፋው ታናሽ ወንድሟ የታሰረ ጊዜ ነው። እናታቸው ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችው እሷ ናት። ከፍ ሲል የጥጥ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። መጋዘኑ ተቃጠለና አብሮት የሚጠብቀው ልጅ እሳት ውስጥ ቀረ። ከዚያ በፊት ሁለቱ በሆነ ባልሆነው ተጣልተው ነበርና ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። «ክብሪት ሲጭር አይቻለሁ» የሚል ምስክርም አልታጣ፤ ተፈረደበት። ይኸው ምስክር በኋላ ሕሊናው አላስቀምጥ ቢለው የሟቹ እናት ቤት ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀና፣ «በል ስላሉኝ ነው ያልኩት፣ ያየሁት ሰው የለም» አለ። ምን ዋጋ አለው! ወሬው እህትየው ጆሮ ደርሶ ያንን ይዛ ፍርድ ቤት ብትሄድ፣ ይግባኙ አልቋል፣ መዝገቡ ተዘግቷል ተባለች። ለማሰር ሲሆን የሚሮጠው ሕግ፣ ለመፍታት ሲሆን እግሩን ያመዋል።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ነገ ነይ፣ ነጭ አቡጀዲ ዘረጋችና ከጥቁር ጨርቅ ፊደል እየቆረጠች ሰፋችበት፦ «ወንድሜ ንጹሕ ነው»። ገበያ በር፣ አውቶቡስ ተራ፣ የትልልቆቹ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ይዛው ትቆም ጀመር። ጨርቁ ረጅም ነውና ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ያዡ ማን እንደሆኑ ስሙልኝ፤ የሟቹ እናት ናቸው። አንድ ቀን ሱቋ ደጃፍ መጥተው፣ «የኔው አንዴ ሄዷል። ያንቺው ባላጠፋው ለምን ይቀበራል?» አሉና ጫፉን ያዙ። ያዙ፣ ያዙ ነው። ዝናብ ቢመጣ አይለቁም፣ ፀሐይ ቢከር አይለቁም። መንገደኛው ቆሞ፣ «እማማ፣ ልጅዎን ለገደለው ነው የሚለምኑት?» ሲላቸው፣ «ገድሎት ቢሆን እዚህ እቆም ነበር?» ይሉታል። ሰዉን ሁሉ አፉን ያስያዘው፣ ጋዜጠኛውንም ሬዲዮውንም የጠራው ይኸው መልሳቸው ነው።

መሥሪያ ቤቱ ግን «ነገ ነይ» ይላታል። የእጇን አገኘች ብለው ሊስቁ የጀመሩ ደንበኞች ፊቷን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ።

በመጨረሻ የወንድሟ ጠበቃ አስቀምጦ አናገራት። «እህቴ፣ የይቅርታ ቦርዱ ንጹሕ ነው የሚል ነገር አይሰማም። ይቅርታ የሚደረገው ላጠፋ ሰው ነው። ጥፋቴን አምኛለሁ፣ ተጸጽቻለሁ ብሎ ይፈርም፤ ይወጣል።»

«ያላጠፋውን?»

«ያላጠፋውን።»

ቤቷ ገብታ ምላጭ አነሳች። የድሮውን ስፌት ፈትታ «ይቅርታ ለወንድሜ» ብላ ሰፋችበት። የሟቹ እናት ሲጠይቋት፣ «ያው ልቀቁልኝ ለማለት ነው፣ እማማ» አለቻቸው። ስለ ፊርማው ትንፍሽ አላለችም። እነዚያን እጆች እንዳታጣቸው ፈራች።

ጨርቁን አጣጥፋ እስር ቤት ሄደች። ወንድሟ ከሽቦው ማዶ ሆኖ አነበበው።

«እታለም፣ ንጹሕ የሚለው የት ሄደ?»

«ፈታሁት።»

«እኔን ትፈቺኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ቃሌን ፈታሽው?»

እዚያው አለቀሰች። «አልቀህ አልቀህ አጥንትህ ቀረ እኮ፣ ወንድምዬ! ሬሳህን ከምቀበል ስምህ ይጉደፍ። ስለ እኔ ብለህ።» ያሳደገችው እሷ ናት፤ እምቢ የሚልበት አንጀት ከየት ያምጣ? ፈረመ።

ወጣ። ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቁልፍ እየተከለ ይውላል። ደንበኛው ሁሉ፣ «እንኳን ማሩህ! ሰው አይደለህ፣ ትሳሳታለህ» ይለዋል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። ነገ ነይ ይህን በሰማች ቁጥር የስፌት መኪናዋን ታስጮኻለች።

የተፈቱት ሰዎች ስም በሬዲዮ ሲነበብ፣ «ጥፋታቸውን አምነው በመጸጸታቸው» ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሟቹ እናት መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ወንድምየው ቁልፎቹን በትኖ ብድግ አለ።

«ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ?» አሉት።

«አይደለሁም፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ነኝ አልክ?»

«እኔ ነኝ ያስፈረምኩት!» አለች ነገ ነይ፣ ከመኪናዋ ተነስታ። «ይውጣልኝ ብዬ ነው። ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው።»

ሴትዮዋ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ልጄን ማን እንደገደለው አላውቅም ነበር። ማን እንዳልገደለው ግን አውቅ ነበር። ያቺን እውነት ይዤ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። አሁን የቱን ልያዝ?»

«ይግቡና ይቀመጡ፣ እባክዎ፣ ከመጀመሪያው ላስረዳዎት» አለች እህትየው።

«ነገ እመጣለሁ» አሉና ዞረው ሄዱ።

ነገ ነይ ወንበር እንደሳበች ቀረች። ነገ የሚባለውን ቀን ከእሷ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? ቢሆንም በማግስቱ ያንን ወንበር ጠርጋ ደጃፍ አወጣችው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ታወጣዋለች፤ ሲመሽ ወንድሟ ያስገባዋል።