ሽምግልና በቼክኛ

ልጄ ለትምህርት በሄደችበት በቼክ አገር አንድ ወጣት ወደደች። የልጁ አባትና እናት እጇን ሊጠይቁኝ ልጃቸውን ይዘው ጅማ ድረስ መጡ። «እኔ አስተረጉማለሁ» አለች ልጄ። ከለከልኳት። ተጠያቂዋ ራሷ ካስተረጎመች እኔ ያልኩትን ሳይሆን እሷ የምትወደውን ነው የምታስተላልፈው። ትምህርት ቤት ባልገባም ይህን አውቃለሁ።

ጅማ ውስጥ ቼክኛ ከየት ይገኛል? አስጎብኚዎቹ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቁት። በመጨረሻ አጋሮ ያለ ቡና ነጋዴ ወዳጄ፣ በደርግ ጊዜ እዚያ አገር የተማሩ ጡረተኛ መካኒክ እዚሁ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር እንዳሉ ነገረኝ። ሰው ሲፈልጋቸው በቼክኛ፣ በስሎቫክኛና በሩሲያኛ ያስተረጉማሉ።

«ሦስቱንም አሳምረው ያውቃሉ?» አልኳቸው ቤታቸው ሄጄ።

«በሦስቱም ተሰድቤያለሁ» አሉኝ። ወደድኳቸው።

እንግዶቹ ሳሎን ገቡ። ልጄ ጓዳ ሆና ትጠብቃለች። አባትየው ተነስቶ ክራባቱን አስተካከለና ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን አለ። እኔም እንደ ደንቡ መለስኩ፦ «አናውቃችሁም። ልጃችን ገና ልጅ ናት። ዘመድ ሳንማክር መልስ የለንም። ሂዱ።»

በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጣለ ይመስላል። እኔንም የእናቷ አባት ደጋግመው መልሰውኛል።

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሩ። «ደንባችን እንደሆነ፣ ተመልሰው መምጣት እንዳለባቸው ልንገራቸው?»

«ያልኩትን ብቻ ይበሉ።» ፈረንጅ ሲገፉት ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነበር።

አሉት። ሰውየው እስከ አንገቱ ቀላ። ሚስቱ ቦርሳዋን አነሳች። «ስላስቸገርንዎ ይቅርታ ይላሉ» አሉኝ አስተርጓሚው። እንግዶቹን እስከ ባጃጁ ሸኙና በዚያው ሄዱ።

ልጄ ከጓዳ ወጣች። «አባዬ፣ ምን አልካቸው?»

«አያትሽ እኔን ያሉኝን።»

«የምርህን መስሏቸው እኮ ነው! ደንቡ ለፈረንጅ ይቀርላቸዋል ብዬ አልነገርኳቸውም!»

«እንግዲህ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

ሆቴላቸው ድረስ ሄዳ ነገረቻቸው። አባትየው ግን እያወቀ ያዋረደኝን ሰው ቤት ዳግመኛ አልረግጥም አለ። አመሻሹ ላይ ልጁ ያለ ወላጆቹ ከእሷ ጋር መጣ። እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል እጄን ሰበሰብኩ።

«አባቱ ካልመጣ አልሰጥም በይው።»

ነገረችው። ሐሳቤን አልቀየርኩም። ለልጁ ሲል ዳግመኛ በር የማያንኳኳ አባት፣ ነገ ለልጄ ምን ይሆናታል?

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አፏን ከፈታች ጀምሮ አንተ ትለኝ የነበረች ልጅ፣ በሩ ላይ «ደህና ይሁኑ» አለችኝ።

እዚያው ቼክ አገር ተጋቡ። ማግባቷንም በስልክ ስትነግረኝ እንደ ባዕድ ሽማግሌ አንቱ እያለች ነበር። አሁንም ትደውላለች። «ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎ ተሻለዎ?» ትለኛለች። ተሽሎኛል እላታለሁ። ጎረቤቶቼ አነጋገሯን ሲሰሙ ምን ያለች ጨዋ ልጅ አሳደግክ ይሉኛል። አንተ በይኝ ብዬ ግን አልለምናትም።