ያልሰመጥኩበት ትያትር

በልብ ወለድ ውስጥ የተጠለፈች ልጅ ትሞታለች። ወይ ገደል ትገባለች፣ ወይ ወንዝ ትገባለች፣ ወይ አብዳ በየገበያው ትዞራለች። ደራሲው እንባውን ጠርጎ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ አንባቢውም እንባውን ጠርጎ ራቱን ይበላል። እኔ የተጠለፍኩት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጄ በገባ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ተኩሳ ክፍል የምትገባዋንስ ማን ይጻፍልን?

ዘመኑ የደርግ ነው። ከጉደር ገበያ ወደ አምቦ ስመለስ ፈረሰኞች ከመንገድ አንስተው ወደ ሰሜን፣ ጎጆ ወደሚባል አገር ወሰዱኝ። ጎጆ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ የሚገባ ደጋ ነው። ጠላፊዬ ገበያ ላይ አይቶኝ የወደደኝ ጎልማሳ ነበር፤ «የወደደኝ» የሚለው ቃል የእነሱ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን አልተርክም። እሱ የኔ ነው፣ እኔው ዘንድ ይቆያል። እናቴ አንድ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ከነምንሽሩ አስከትላ በዚያ ጭቃ መንገድ መጣችና አወጣችኝ።

ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግረኝ ጀመር። የጎረቤት ሴቶች እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፣ አንዷ በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ሌላዋ «አይ ልጄ» ትለኛለች። ቀስ በቀስ የኔም ድምፅ ጠፋ። የጋሪ ፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል፤ አምቦ ደግሞ ጋሪ የማያልፍበት ሰዓት የለም። ክፍል ውስጥ መምህር ሲጠይቀኝ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ምንም አይወጣኝም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከጠላፊዬ ወገን ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ ጭልሞ ደን ጥበቃ ነበር የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እንደሚገባ ያውቁ ስለነበር ቅዳሜን ጠብቀው መጡ። ከሁሉም የሚያንሱት እንኳ ሪዛም ነበሩ። ዋናው ሽማግሌ በእጃቸው እርጥብ ሰርዶ ይዘዋል። በእኛ አገር ሣር የያዘ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። የለመለመ ነገር የእርቅ ነው፣ እሱን የመለሰ ሰው ከጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ከምድሩም ጋር የተጣላ ይመስለዋል። ሣሩን የተቀበለ አባት ታረቀ ማለት ነው። ታረቀ ማለት ደግሞ ልጁን ለጠላፊዋ ሰጠ ማለት ነው።

«ማሎ፣ ኦቦ» ብለው ለመኑት አባቴን። «የሆነው ሆኗል። ልጅቷ እንደሆነች ለትዳር ደርሳለች። ከእንግዲህስ ማን ይወስዳታል? ተቀበለንና ነገሩ ይብረድ።»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። የአባቴ እጅ ተዘረጋ፣ መሐል ላይ ደርሶ ቆመ። በዕድሜው ሣር መልሶ አያውቅም።

«ትምህርት ይዘጋና መልስ እሰጣለሁ» አለ።

«እንግዲያው የዚያን ጊዜ ሌላ እርጥብ ይዘን እንመጣለን» አሉና ተነሱ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አልጠላሁትምም። ተናደድኩበት እንጂ፤ ያ ንዴት ከጎጆ ከወጣሁ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ጤነኛ ነገር ነበር።

በዚያው ሰሞን የአማርኛ መምህራችን ትምህርት ሲዘጋ ለሚከበረው የወላጆች ቀን ትያትር ጻፈ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ጎጂ ልማድን በኪነት እዋጋለሁ የሚል። ታሪኩን ከየት እንዳገኘው ሲነበብልን ገባን። ገበያው አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ሽማግሌዎቹም ከነሣራቸው አሉ። በመጨረሻ አባት ሣሩን ይቀበላል፣ ልጅቷ በነጠላዋ ተሸፍና ትወጣለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ተማሪ ባልዲ ሙሉ ውኃ በርሜል ውስጥ ይገለብጣል። ጉደር ወንዝ ገባች ማለት ነው።

«ሕዝቡ ካላለቀሰ አይማርም» አለ መምህሩ።

ልጅቷን ሆና የምትጫወት ግን ጠፋች። አንዷ እናቴ ትገድለኛለች አለች፣ ሌላዋ ስም ይወጣብኛል አለች። እነሱን በጨዋታ ያስፈራቸውን እኔ በእውነት ተሸክሜው እዚያው ተቀምጫለሁ። እጄን አወጣሁ። መምህሩ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ልምምዱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። መምህሩ ከኋላኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሞ «አልሰማም! ለኋላ ወንበር ይሰማ!» ይላል። እኔ እንደ ትንኝ ሲጥ እላለሁ፣ እሱ ደግሞ «አልሰማም!» ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የምጠለፍበትን ትዕይንት ስንለማመድ፣ ኡኡታዬ ድንገት ወጣ። ጎጆ ላይ ያልጮህኩትን ሁሉ ጮህኩ። ውጭ ቮሊቦል የሚጫወቱት ልጆች ኳሳቸውን ጥለው በመስኮት አዩኝ። ስጨርስ ጉሮሮዬ ተልጧል፣ ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ደስ ብሎኛል።

«ቲቸር፣ መጨረሻው ላይ ባትሞትስ?» አልኩት በማግስቱ።

«ካልሞተች ምኑ ያሳዝናል?»

ትያትሩ የሱ ነበር፤ ልጅቷ ግን የሱ አልነበረችም።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የዋናው ሽማግሌ የልጅ ልጅ እዚያው ይማር ነበርና እሳቸውም መጥተው ከአባቴ ጎን ተቀምጠዋል። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ወደ ኋላ ናት። እስከ ሽማግሌዎቹ ትዕይንት ድረስ ሁሉን እንደተጻፈው ተጫወትኩ። ጥጥ ጢም ያደረገው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሣሩን ዘረጋ። አባቴን የሆነው ልጅ ሊቀበል እጁን አነሳ። እኔ በነጠላዬ ተሸፍኜ የምወጣው አሁን ነው።

አልወጣሁም። መሐላቸው ገብቼ ሣሩን ወሰድኩት።

«ሣር የሚሰጠው ለተበደለ ነው» አልኩ። «የተበደልኩት እኔ ነኝ። የለም፣ አባቷ ነው የተበደለው ካላችሁ፣ እሱ ጎጆ ይውጣና ሚስት ይሁናችሁ!»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው አፉን ያዘ። ሣር መሬት አይጣልምና በሁለት እጄ አድርጌ ለጥጥ ጢሙ መለስኩለት።

«አልታረቅም። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

አዳራሹ እንደ መቃብር ዝም አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ተማሪ ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸጥታ ሲሆን ባልዲውን መገልበጥ። ገለበጠው። ውኃው በርሜሉ ውስጥ ተንቦጫረቀ፣ እኔ መድረኩ መሐል ሳልረጥብ ቆሜያለሁ።

«ማነው ወንዝ የገባው?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

«እኔ እንጃ! እኔ እዚህ ነኝ!» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የእናቴን እልልታ ለየሁት። መምህሩ ራሱን ይዞ ተቀምጧል፤ ማንም አላለቀሰለትም።

በሩ ላይ ሽማግሌው የአባቴን ክንድ ያዙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። መድረክ ላይ ያልፈራሁት ፍርሃት እዚያ ያዘኝ።

«የሕፃን ነገር ነው፣ ኦቦ፣ እንዳትቀየም» አሉት። «ምን ታውቃለች? ነገ ሣራችንን ይዘን እንመጣለን።»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ተመለሰ።

«አባ ኮ» አላቸው፣ አባቴ ሆይ እንደማለት ነው፣ በአክብሮት። «ለትዳር ደርሳለች ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ሕፃን ከሆነች ትማር። ከደረሰችም መልሷን ሰጥታችኋለች፣ አብረን ሰማን።»

ሽማግሌው ክንዱን ለቀቁት። አባቴ ፊት ፊት እየሄደ አልመራኝም፣ ከጎኔ ሆኖ ወደ ቤት ሄድን። ያን ቀን ዳንኩ አልልም፣ ገና ብዙ ክፉ ሌሊት ነበረብኝ። ነገር ግን ሕመሜ ከዚያ ወዲያ የኔ ብቻ ሆነ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በመስከረም አሥራ አንደኛ ክፍል ተመዘገብኩ።