አርባ የመሰለችኝ ላፕቶፕ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከጎንደር ደወለችልኝ። ርካሽ ላፕቶፕ አግኝታለች፤ ችግሯ ውስጧ ጠባብ ነው፣ ብዙ አትይዝም አሉ። ጓደኞቿ ገንዘብሽን አታባክኚ ብለዋታል። «አክስቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ ውስጥ ስማቸውን ሳላነሣ የኖርኋቸው ሰዎች ስላሉበት ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ከደባርቅ ወደ መተማ ዮሐንስ ከወረድሁ ዓመት አልሆነኝም፤ ሙቀቱን እንኳ አልለመድሁትም። በአንዲት ሴት የጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻና ውል እተይብ ነበር። የሴትዮዋን ስም አልጠራም፤ የሚያውቋት ያውቋታል። አንድ ቀን ቤቱ በደንበኛ እንደ ተሞላ፣ ራሷ ያበላሸችውን ውል በእኔ አላክካ፣ «ያለ እኔ ኮምፒዩተር አንቺ ምንድን ነሽ? ባዶ ጣት!» አለችኝ። ሰዎቹ ሳቁ። ማን ማን እንደ ሳቀ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

በማግሥቱ ሥራውን ትቼ፣ ያጠራቀምሁትን ይዤ፣ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሬ፣ ሱዳን በኩል ወዳለችው ጋላባት ሄድሁ። ዑስማን የሚባል ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ከራዲዮና ከባትሪ መሀል አንዲት ትንሽ ያገለገለች ላፕቶፕ አስቀምጧል። ትልቅ መጽሐፍ ብታክል ነው። ቁልፎቿ ላይ የዐረብኛ ፊደል አለ፤ ግድ አልሰጠኝም፤ ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል።

«ስንት ጊጋ ትይዛለች?» አልሁት።

«አርባዓ» አለኝ።

አርባ! የአሠሪዬ ትልቁ ኮምፒዩተርም አርባ ነበር። ዋጋ እንኳ ሳልከራከር ገዝቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ተመለስሁ።

በዐረብኛ አርባዓ ማለት አራት ነው። ይህን መተማ ውስጥ ስኳር የሚላክ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላወቅሁት እኔ ደገኛዋ ነበርሁ። የአማርኛ ፊደል ሊጭንልኝ የመጣው ባለሙያ ከፍቶ ሲያያት ሳቁን መያዝ አቃተው። ወሬው ከእሱ ወደ አሠሪዬ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። እሷም ስም አወጣችልኝ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ሳልፍ «አርባ መጣች!» ይሉኝ ጀመር።

እኔም ላፕቶፗን ይዤ ወደ ጋላባት ገሠገሥሁ። ከዐረብኛ የማውቃት ቃል አንዲት ነበረች፤ ሐራሚ፣ ሌባ ማለት ናት። ሱቁ በገዢ እንደ ተሞላ ያችን ቃል ጮኼ ደጋገምኋት።

ዑስማን አልተቆጣም። ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ቀድቶ ፊቴ አስቀመጠና አራት ጣቱን አሳየኝ። «አርባዓ፣ እኅቴ። ይኸው። ውሸት የት አለ?»

«አራት ምን ያደርግልኛል? ምን ይገባባታል?»

«ምን ልትጭኚባት ነው?»

«ጽሑፍ።»

«ጽሑፍ ሰሊጥ ነው» አለ በሰባራ አማርኛው። «አንድ ጆንያ ስንት ፍሬ ይይዛል? ቆጥረሽ ትጨርሻለሽ? ዘፈንና ፊልም ጥጥ ነው። ትንሽ ጥጥ ቤት ይሞላል።» ይህን እያለ የቀድሞው ባለቤት የተወባትን ዘፈን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣላት። ከዚያም ገንዘቤን ከመሳቢያ አውጥቶ ከላፕቶፗ አጠገብ አኖረው። «ካላመንሽኝ ውሰጂው። አልቀየምም።»

ሁለቱን አየሁ። ገንዘቡን ባነሣ ወይ ደባርቅ ወንድሜ ቤት ጥገኛ መሆን፣ ወይ ያችን ሴትዮ መለማመጥ ነው የሚቀረኝ። ላፕቶፗን አነሣሁ። አምኜው አይደለም፤ እልኸኛ ስለሆንሁ ነው። ከርከዴውን ሳልጨርስ፣ ደኅና ዋል እንኳ ሳልለው ወጣሁ።

ሐምሌ ገባ። ከሸሕዲ ከተማ ወዲያ እርሻ የነበራቸው አቶ ደሳለኝ የሚባሉ የጎንደር ሰው የሠራተኞቻቸውን ስምና አገር የሚመዘግብ ይፈልጉ ነበር። በፊተኛው ዓመት አንድ ልጅ በወባ ሞቶባቸው፣ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ጠፍቶ፣ ዘመድ ሳያለቅስለት ተቀብሯል። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የአሠሪዬ ኮምፒዩተር ደግሞ እንኳን ጭቃ አቋርጦ እርሻ ሊደርስ፣ ከጠረጴዛው አይነሣም። እሷ ዘንድ ቢሄዱ፣ «የአርባን ዕቃ ይውሰዷት» አለቻቸው እየሳቀች። «አርባ ስም ስትጽፍ ትሞላለች።»

እሳቸው ቀልዱን ለእኔም ነገሩኝ፣ ለሠራተኞቹ አለቃ ለካቦውም ነገሩት። መንገዱ ጥቁር የዋልካ ጭቃ ስለ ነበር በትራክተር ተሳቢ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ፤ ላፕቶፗን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌአታለሁ። እርሻው ስንደርስ የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ አበሉኝ፤ የላፕቶፗን ባትሪ በእርሻው ጄኔሬተር ሞሉልኝ፤ ከዚያም ዳሱ ሥር አንድ በርሜል ገልብጠው ጠረጴዛ አደረጉልኝ። የጎጃሙም የወሎውም ልጅ ጭቃ እግሩን እያራገፈ ተሰለፈ።

«እትየ፣ ይች ነገር ዘፈን ትችላለች?»

«አትችልም። ስምህን ንገረኝ።»

«አበበ ካሴ።»

«አበበ ካሴን ቅድም ጽፌዋለሁ።»

«እሱ ሌላው ነው። ‹ቆንጆው› ብለሽ ጨምሪልኝ፣ እንዳንምታታ።»

ካቦው ለካ ከጀርባዬ ቆሞ እየቆጠረ ነው። «ሠላሳ ስምንት… ሠላሳ ዘጠኝ…» ሲል ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ የዑስማንን ሰሊጥ አስብና ደግሞ እጠራጠራለሁ፤ የሴትዮዋ ሳቅ ይመጣብኛል። አርባኛውን ጻፍሁ። ቀጥሎ የቆመው ከደቡብ ጎንደር የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር፤ የራሱን፣ የአባቱን፣ የቀበሌውን ስም ነገረኝ፤ ጻፍሁት። ፊደሉ ያለ ምንም ማንገራገር ተሰደረ።

«አርባ አንድ!» ብሎ ካቦው ጮኸ። ልጆቹ አጨበጨቡ። አቶ ደሳለኝም፣ «በይ ቀጥዪ የእኔ ልጅ፣ ገና ብዙ ነን» አሉኝ።

ስንጨርስ ምን ያህል ቦታ እንደ ቀረ ከፍቼ አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ገብቶባት የጎደለባት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። መተማ ስንመለስ ጄኔሬተር ተነሥቶ ዝርዝሩ ታተመ። በመስከረም ያ ቀጭን ልጅ በወባ ወደቀ፤ አገሩን ከዝርዝሩ አይተው ወንድሙን አስጠሩለት፤ ታሞ ብቻውን አልቀረም፤ ዳነም። ያን የሰሙ ሌሎች ገበሬዎችም ወደ እኔ መጡ። ደባርቅ አልተመለስሁም። እንጀራዬን ያገኘሁት በዚያች ላፕቶፕ ነው።

ለእህቴ ልጅ በማግሥቱ፣ «የምትጭኚባት ጽሑፍ ከሆነ ግዢያት» አልኋት። ሴትዮዋን ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም እላታለሁ፤ ከዚያ አያልፍም። በሰው ፊት የተናገረችኝን ይቅር አላልኋትም፤ ብያለሁ ብል ውሸት ይሆናል።

ግን ይህን ስጽፍ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። እኔም ዑስማንን በሰው ፊት ነው የተናገርሁት። ከዚያ በኋላ ሱቁ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ወረቀት ገዝቻለሁ፣ ሻይ ጋብዞኛል፤ ያችን ቃል እኔም አላነሣኋት፣ እሱም አላነሣት። ኋላ ሱቁን ዘግቶ ወደ መሀል ሱዳን ገባ፤ ወሬውንም አጣሁት። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ዑስማን ሌባ አልነበረም። አራት አለኝ፤ አራት ሸጠልኝ።