በላስቲክ ያሰርሁት መጨበጫ

ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል የአትክልት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ መስኩ ላይ በየሳምንቱ ሠርግ ይደገስ ነበር። የሰዉና የወንበሩ ብዛት መሬቱን ስለጠቀጠቀው ክረምት ሲገባ ውሃ አልሰርግ አለ፤ ሣሩም ከሥሩ ይበሰብስ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ መሬት የምትበሳ ማሽን አስመጣ። እንደ ሣር ማጨጃ ከኋላ ሆነው የሚነዷት፣ በቤንዚን የምትሠራ ከባድ ማሽን ናት። ከሆዷ ሥር ጣት የሚያካክሉ ክፍት ብረቶች ይሽከረከራሉ፤ መሬቱን እየወጉ አፈሩን እንደ ቡሽ ነቅለው ይተፉታል። በቀዳዳው አየርና ውሃ ይገባል።

እጀታዋ ላይ እንደ ብስክሌት ፍሬን የሚጨበጥ ብረት አለ። ሲጨብጡት ብረቶቹ ይዞራሉ፣ ማሽኗም ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ሲለቁት ይቆማሉ። ያሠለጠነን ባለሙያ ይህንኑ ደጋግሞ ነገረን። «ብትወድቁም ብትደነግጡም እጃችሁ ሲለቅ እሷ ትቆማለች። ደግሞ እየዞረች ወደ ራሳችሁ አትጎትቷት፤ እግራችሁ ላይ ትወጣለች» አለን።

እኔ የቀኝ እጄ አንጓ ያመኛል። ሆቴል ሳልገባ ፈትል ፋብሪካ ስሠራ ያተረፍሁት ነው። መጨበጫውን ግማሽ ቀን ይዤ ስውል ማታ ማንኪያ ማንሳት ያቅተኝ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም፤ ኃላፊነቱን ለሌላ እንዳይሰጡት ፈራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆረጥሁና ሞተሩን ካስነሳሁ በኋላ መጨበጫውን ከእጀታው ጋር አሰርሁት። ስጨርስ እጀታዋ ላይ ባለው ቀይ ማጥፊያ አጠፋና ላስቲኩን ፈትቼ ኪሴ እከታለሁ። ማንም አላወቀም።

አንድ ዓርብ ጧት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ለቅዳሜ ሠርግ መስኩን እንድንጨርስ ታዘዝን። ሜዳውን ጨረስሁ። የቀረው ወደ ሐይቁ የሚወርደው ተዳፋት ነበር፤ ከታቹ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ ማዶ ውሃ። እርጥብ ነበር። «ዛሬ አይሆንም» ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ብረቶቹ እንዳይወጓቸው የውሃ መርጫዎቹ ያሉበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ሳደርግ እንጨቱ አለቀብኝ። ማሽኗን ተዳፋቱ አፋፍ ላይ አጥፍቼ ወደ ዕቃ ቤት ሄድሁ። ላስቲኩን አልፈታሁትም።

አብረውኝ የሚሠሩት ስልሳ ያለፋቸው፣ በየቀኑ ከመሸንቲ የሚመላለሱ አዛውንት ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ። እኔ በማልገባበት ቀን ማሽኗን የሚነዱት እሳቸው ናቸው፤ እንደተማሩት፣ ሳያጓድሉ። እንጨቴን ታቅፌ ስመለስ ከላይ ሆኜ አየኋቸው። ሊያግዙኝ ፈልገው፣ ላስቲኩን ልብ ሳይሉ፣ የማስነሻውን ገመድ ይስባሉ። ስጮህና ሞተሩ ሲነሳ አንድ ሆነ።

መጨበጫው ታስሮ ስለነበር ማሽኗ እንደተነሳች መሄድ ጀመረች። ቁልቁል። አባባ ሮጠው እጀታዋን ያዙ።

«ይልቀቋት አባባ! ትሂድ!»

አልለቀቁም። ሐይቅ ውስጥ ብትገባ በእሳቸው እጅ እንደጠፋች አስበው ነው፤ በኋላ ነግረውኛል። ቦቲያቸው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ አሥር እርምጃ ያህል ጎተተቻቸው። ግንቡ ሲቀርብ ሁለት እግራቸውን ተክለው፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው ወደ ራሳቸው ሳቧት። ያኔ ከፍ ብላ ዘለለችና እግራቸው ላይ ወጣች።

በጎን በኩል ደርሼ ቀዩን ማጥፊያ ተጫንሁት። ጸጥ አለ። ከሐይቁ የአንድ ጀልባ ሞተር ይሰማል። አባባ እጀታውን እንደያዙ ናቸው፤ የግራ ቦቲያቸው ጫፍ ከብረቶቹ ሥር ነው።

«እግሬ አለ?» አሉ በዝግታ። «አልተሰማኝም።»

«አይነቃነቁ።»

እንደገና እንዳትዞር ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን የካንዴላ ሽቦ ነቀልሁ። ብረቶቹን በእጄ ወደ ኋላ አዙሬ ቦቲውን አላቀቅሁ። አንዱ ብረት የቦቲውን ጎማ በስቶ ወጥቷል፤ ከቀዳዳው ደም ይንጠባጠባል። ሻሼን ፈትቼ እግራቸውን አሰርሁ። ከዚያ ያደረግሁትን አልረሳውም፤ ለባጃጅ ከመጮሄ በፊት ላስቲኩን ፈትቼ ኪሴ ከተትሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ አንዷን የእግር ጣታቸውን ከጫፏ ቆረጣት። ሌሎቹ ተርፈዋል። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ አባባ አልጋ ላይ ነበሩ።

«እንዴት ሆነ?» አላቸው።

«የኔ ጥፋት ነው» አሉ። «መጨበጫውን ሳልነካ የሄደች መሰለኝ። ግን እንዴት ይሆናል? ነክቼው ይሆናል። እርጅና ነው መሰል፣ እጄ የሚሠራውን አላውቅ ብያለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ማሽን ላይ መመለስ አይኖርብዎትም» አለ።

አባባ የራሳቸውን እጅ ገልብጠው ያዩት ነበር፤ እንደከዳቸው ሰው። ይህን ችዬ መቀመጥ አልቻልሁም። ላስቲኩን አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥሁት።

«መጨበጫው ታስሮ ነበር። ያሰርሁት እኔ ነኝ። ሲጎዱም ላስቲኩን የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

አባባ ላስቲኩን አነሱት፣ በጣታቸው ሳቡት፣ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከኃላፊነቴ ተነሳሁ፤ ችግኝ ቤት መደቡኝ። ከወር በኋላ ፈራ ተባ እያልሁ መሸንቲ ቤታቸው ሄድሁ። በረንዳ ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ጠላ ቀዱልኝና ወደ ጓዳ ገቡ። ይቅርታዬን ጀመርሁ፤ አላስጨረሱኝም።

«እጅሽን እስኪ» አሉኝ።

ዘረጋሁላቸው። አንጓዬን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከሕመሙ የተነሳ ዓይኔ ዕንባ ሞላ።

«እንዲህ ካመመሽ ምነው አልነገርሽኝ? አንች ጧት፣ እኔ ከሰዓት እንነዳት ነበር።»

መልሴን ሳይጠብቁ፣ እጄንም ሳይለቁ ባለቤታቸውን ጠርተው ቅባት አስመጡልኝ።