የባለ ወይራዋ ሴትዮ በር

አከራዬ የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ሐቦባ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት ስለማይለይ እኔን ሴቷንም «አንተ» ነው የሚሉኝ። አሶሳ ውስጥ እንደሳቸው የምወደው ሰው የለም፤ እንደሳቸው የምጨቃጨቀውም የለም። የምንጣላው በቴሌቪዥን ነው። ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ የሞባይል ካርድ ስሸጥ ውዬ ስገባ እኔ የቱርክ ድራማዬን እፈልጋለሁ፣ እሳቸው የዓረብኛ ዜናቸውን።

«ሐቦባ፣ ዜናው እኮ ነገም አለ!»

«ድራማም ነገ አለ። ቁጭ በል።»

ለዜና መቀመጥ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ። ጥቅምት ነበር። አንዲት የፍልስጤም ገበሬ ብረት በር ፊት ቆማ ትናገራለች፣ ሐቦባ ይተረጉሙልኛል። መሬቱ የራሷ ነው፤ የወይራ ዛፎቹን የተከሉት አባቷ ናቸው። ወታደሮቹ ግን በቤቷና በመሬቷ መሀል አጥር አቁመዋል። ፍሬውን ለመልቀም የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋታል። ለሷ ሰጥተው ልጆቿን ከልክለዋል፤ በሩም የሚከፈተው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። እኔ ወይራ የማውቀው ለዕቃ ማጠኛ ነው። እዚያ ግን ዘይቱ የዓመት ቀለባቸው ነው አሉ።

«እሱ ሴትዮ ይህን ሁሉ ዛፍ ብቻውን? ጎረቤት የለውም? ደቦ አይጠራም?»

«ለጎረቤትም ፈቃድ ያስፈልጋላ!»

«ለደቦ ፈቃድ?» አፈጠጡብኝ፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ይመስል።

የሳቸውም ለውዝ ደርሶ ነበር። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቶሎ ካልተነቀለ መሬቱ ይደርቅና ፍሬው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሴትዮዋን ጭንቀት ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። በየቀኑ «ገባ?» ይላሉ። ዜናው ሌላ ሌላውን ያወራል። ዜና አንድ ሰው አሳይቶ እንደሚረሳ ብነግራቸው፣ «ሰው ጀምሮ አይተውም» ብለው ዘጉኝ።

ሐሙስ ዕለት ሐቦባ ጓዳ ሶላት ላይ እያሉ ሴትዮዋ ብቅ አለች። ዓረብኛ ባልሰማም ያየሁት ግልጽ ነበር። ወታደሩ ወረቀቷን አገላበጠ፣ መለሰላት፣ በእጁ ወደመጣችበት አመለከተ። ጮኸችበት። ቆመች። ከዚያ ባዶ ጆንያዋን ታቅፋ ሄደች።

ሐቦባ ወጡ። «ገባ?»

ልዋሻቸው ነበር። አልሆነልኝም። «መለሷት።»

«ዝም አለ?»

«ኧረ ጮኸችባቸው!»

«ጎበዝ» አሉ። ሻያቸው ግን ሳይነኩት ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ የሐቦባ የለውዝ ደቦ ነበር። ገና አንድ መስመር ሳንጨርስ «አንድ ሴትዮ መሬቱን ከለከሉት» ብለው ጀመሩ። ከወሎ በሰፈራ የመጡት ጎረቤታችን ሼኽ ቀና አሉ።

«የት? ባምባሲ?»

«ፈለስጢን።»

ሼኹ ርቀቱን ከቁም ነገር አልጣፉትም። «ሽማግሌ ተልኳል?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ብቻ ነኝ። «ሼኽ፣ እዚያ የሚገዛው ወታደር ነው። ከልካዩም ፈራጁም ራሱ። ሽማግሌ ማን ይሰማል?»

«ይሰማል የሚል ቃል ወጣኝ እንዴ አንቺ? ተልኳል ወይ ነው ያልኩሽ። ሰው እንዳላት ይወቁ።»

ይኼኔ ሐቦባ መቆፈሪያቸውን አስደግፈው፣ «እኔ ይሄዳል» አሉ።

«ፓስፖርት አለዎት እንዴ ሐቦባ?»

«ሴትዮ ወረቀት አለው። ምን ጠቀመው?»

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። ሼኹ ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስሟን ስለማናውቅ «ባለ ወይራዋ» ብለው ለመኑላት፣ በሯ እንዲከፈት፣ ልጆቿም አብረዋት እንዲገቡ። እኔ ክርስቲያን ነኝ። አፈር የጠገበ እጄን ዘርግቼ ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሚን» አልኩ።