ለአባቴ ያላነበብኩለት መስመር

ይህ ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልፈረሰም። አንድ ሾፌር ጫት መቃም አቆመ፣ ጥቂት ሳምንታት እንቅልፍ አጣ፤ ይኸው ነው። ግን እንዲያቆም ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ሳስረዳውም ከመጽሐፉ አንድ መስመር ደብቄዋለሁ።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምማረው አዳማ ከቤተሰቦቼ ቤት እየተመላለስኩ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሥነ ልቦና መመደብ ስለምፈልግ፣ ስለ አንጎልና ባሕርይ የሚያስተምር ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ብቻዬን ማንበብ ጀመርኩ። ኮፒው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ መጽሐፉ ቀይና ሰማያዊ የሚለው የአንጎል ክፍል ሁሉ ለእኔ ግራጫ ነበር። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበውና የገባኝን በእርሳስ ጠርዙ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ከአዳማ ሁሩታ ሚኒባስ ይነዳል። ከሥራ ሲመለስ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ይቅማል፤ ሲመረቅን ለፈተናዬ ዱዓ ያደርግልኛል። «ዶክተሬ» ነው የሚለኝ። ስለ አነቃቂ ነገሮች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ፈራሁ። ስለ ጫት ያለው ግማሽ መስመር ብቻ ነው፤ እንደ አምፌታሚን ስላሉት የጫት ዘመዶች ግን ብዙ ገጽ አለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ መናኸሪያ ሣልኩለት። በአንጎል ውስጥ ደስታን የሚያመላልሱት መልእክተኞች ተሳፋሪ ናቸው፤ ጫት ሁሉንም ባንዴ ያወርድና የመመለሻውን በር ይዘጋል አልኩት።

«ተሳፋሪ በዛ ማለት ነዋ» ብሎ ሳቀ። «ሾፌር በዚህ ይከፋዋል እንዴ?»

«መናኸሪያው ይለምደዋል፣ አባዬ። በኋላ ያለ ጫት አንድም ሰው አይመጣም።»

ሳቁን ተወና ሥዕሉን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ይህን ሁሉ ብቻዬን አንብቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ስለው የያዘውን ቅጠል ላስቲኩ ውስጥ መልሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ አለ።

በዚያው ገጽ ግርጌ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ በድንገት ማቆም ለሳምንታት ከባድ ድብታና የተረበሸ እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል። አስምሬበት ነበር። አልነገርኩትም። እንደዚያ በኩራት ሲያየኝ፣ ማብራሪያዬን የሚያደክም ነገር መጨመር አልፈለግሁም።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ዱካክ መጣበት፤ ጫት የተወ ሰው ላይ የሚወርደው ቅዠት። መሪው ከእጁ ተነቅሎ ሲቀር፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ሲቀመጥ ያያል። ቀን ደግሞ ምሳ ላይ እንኳ ያንቀላፋል። እናቴ፣ ጫት የሚተወው ቀስ እየተባለ ነው፣ ለዱካክ ጥቂት ቅጠል ይቀመጥለታል አለች። መጽሐፉ እንዲህ አይልም ብዬ ተከራከርኳት። መጽሐፉ ስለ ዱካክ ምንም አይልም፤ ይህስ እውነት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከሁሩታ ሲመለስ ሚኒባሱ ከአስፋልት ወጥቶ ስንዴ ማሳ ውስጥ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። አባቴ ለመኪናው ባለቤት ጎማ ነው አለው። በማግስቱ ተሳፍረው የነበሩ አንድ የእህል ነጋዴ ሊጠይቁት መጡ። ከእሱ ጋር በኦሮምኛ ሲጫወቱ ቆይተው፣ በር ድረስ ስሸኛቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፊት ወንበር ነበርኩ፣ ልጄ። ጎማ አይደለም። ዓይኑ ተከድኖ ነበር።»

ገባሁና ኮፒውን ይዤ አባቴ ፊት ተቀመጥኩ። ያቺን መስመር በአማርኛ አነበብኩለት።

«መቼ ነው ያሰመርሽባት?» አለኝ።

«ያኔ ስለ ጫት ሳልነግርህ በፊት።»

«ዱካክን እኔም አውቀዋለሁ» አለ። «አንቺ ስላላነሳሽው ግን፣ በትምህርቱ በኩል ሲተዉት አይመጣም ብዬ ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሶ ቤት ተቀመጠ። እናቴ ማታ ማታ ትንሽ ቅጠል ትሰጠው፣ በየሳምንቱም ትቀንስለት ነበር። «ዶክተሬ» ማለቱን ትቶ በስሜ ይጠራኝ ጀመር። አሁን ሳነብ አጠገቡ ተቀምጬ ያልገባኝንም ጭምር እነግረዋለሁ። ስጨርስ ሁልጊዜ ያችኑ ይጠይቀኛል፦ «ሌላስ? የተረፈ የለም?» የለም እለዋለሁ፤ እሱ ግን አንገቱን አስግጎ ገጹን ያያል፣ እንግሊዝኛ ባያነብም።

ቅጠሉ ጨርሶ ቀርቶ፣ ዱካኩም ለቆት ሚኒባሱን እንደገና ይዞ የወጣው ቤት በተቀመጠ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሰኔ አሥራ አራት ቀን ነው።